ከቤት ጥገና በኋላ የሚያስቸግር የውሃ መሳቢያ ሞተር

ለአትክልት ገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተዘጋጀ ትምህርት

በአዲስ አበባ ደቡብ፣ በጎፋና በመካኒሳ በኩል፣ የትንሹን አቃቂ ውሃ እየሳቡ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ማልማት ከቆየ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ሥራ ነው። ውሃውን ከወንዙ ወደ መደቡ ለማውጣት ብዙ ገበሬ በቤንዚን የሚሠራ አነስተኛ ሞተር ይጠቀማል። ይህ ሞተር ሲታመም ገበሬውን እንደ በሬው ሕመም ያስጨንቀዋል፤ በመጋቢት ፀሐይ አዲስ የተተከለ ችግኝ ያለ ውሃ ብዙ ቀን አይቆይምና።

ስለዚህ ብዙ ገበሬ ሞተሩን ራሱ ፈትቶ ሊጠግን ይነሣል። ይህ የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስነቅፍ አይደለም። በ1950 ዓ.ም. ተመርቆ የተከፈተው የዓለማያ ኮሌጅ በስሙ ላይ እርሻንና የመካኒክ ጥበብን አጣምሮ ይዞ ነበር፤ ሁለቱ ሥራዎች ዘመዳሞች ናቸው። ነገር ግን «ትናንት እያስቸገረም ቢሆን ይሠራ ነበር፤ ከጠገንሁት በኋላ ግን ባሰበት» ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ይህ ትምህርት የተዘጋጀው ለዚህ ችግር ነው። ፍሬ ነገሩም ይህ ነው፦ ከጥገና በኋላ የመጣ ሕመም በመጀመሪያ የሚፈለገው እጃችሁ በነካው ቦታ ነው።

አንድ ምሳሌ

እኔ የሰብል ባለሙያ እንጂ የሞተር ባለሙያ አይደለሁም። በጎፋ አንድ የአትክልት ገበሬ ዘንድ የሄድሁት የጥቅል ጎመን ችግኝ ለማየት ነበር። ችግኙ ከተተከለ አራተኛ ቀኑ ነው፤ ቅጠሉ ወድቋል፤ መደቡ ተሰነጣጥቋል። ሰውየው ግን በመደቡ ፈንታ ከሞተሩ አጠገብ ተቀምጦ ገመድ ይስባል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ ክረምቱን ሙሉ ቆሞ ስለ ነበር መነሣት እንቢ ብሎት ነበር። ገበሬውም በአንድ ቀን ሦስት ሥራ ሠራ፤ ካንዴላውን ለወጠ፣ ካርቡራተሩን ፈትቶ አጠበ፣ በካርቡራተሩና በሲሊንደሩ መካከል የሚገባው ልባጭ፣ ማለት ጓርኒሲዮኑ፣ ተቀዶ ስላገኘው ከብስኩት ካርቶን ቈርጦ ሌላ አበጀለት። ሞተሩ ተነሣ። ነገር ግን የሚሠራው ቾኩ ሲዘጋ ብቻ ነው፤ ቾኩ ሲከፈት ይስልና ይጠፋል። ገበሬው «ካርቡራተሩ ሞቷል» ብሎ አዲስ ካርቡራተር ገዛ። ሞተሩ ግን እንደ በፊቱ ሆነ፤ ገንዘቡም ሄደ፤ ችግኙም ውሃ ሳያገኝ ሦስት ቀን አለፈው።

በመጨረሻ ከሰፈሩ አንድ ወጣት ሞተር ጠጋኝ ተጠራ። ወጣቱ ቁልፉን ከከረጢቱ ሳያወጣ አንድ ጥያቄ ጠየቀ። «ጋሼ፣ ከመባሱ በፊት መጨረሻ ላይ የነኩት ምንድን ነው?» ገበሬው ሦስቱንም ነገረው። ወጣቱ የሳሙና ውሃ አስመጥቶ፣ ሞተሩ በቾክ እየሠራ ሳለ፣ በካርቡራተሩ መጋጠሚያ ዙሪያ በትንሽ ቡሩሽ ቀባ። ውሃው የካርቶኑን ጠርዝ ሲነካ ወዲያው የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ። ካርቶኑ በቤንዚንና በሙቀት ለስልሶ ተጨማድዶ ስለ ነበር በዚያ በኩል አየር ይገባ ኖሯል። አዲሱ ካርቡራተር የታሰረውም በዚያው ካርቶን ላይ ነበር። ለዚሁ ሥራ ከሚሸጥ ወፍራም ወረቀት ትክክለኛ ጓርኒሲዮን ተቈርጦ ሲገባ ሞተሩ ቾኩ ተከፍቶ ሠራ። ከችግኙ ግን ግማሽ ያህሉ እንደገና መተከል ነበረበት።

ከዚህ ምሳሌ ሦስት ቁም ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ካርቡራተሩን ማጠቡ ትክክል ነበር፤ ስሕተቱ በሌላ ቦታ ገባ። ሁለተኛ፣ ሦስት ሥራ በአንድ ጊዜ ስለ ተሠራ የቱ እንደ ጠቀመና የቱ እንደ ጐዳ መለየት አልተቻለም። ሦስተኛ፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ ዕቃ ተገዛ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል።

ሞተር ለመሥራት ምን ይፈልጋል?

ማናቸውም የቤንዚን ሞተር፣ የመኪናም ይሁን የውሃ መሳቢያ፣ አራት ነገሮች ይፈልጋል።

1ኛ/ ንጹሕ ነዳጅ በመጠኑ፤
2ኛ/ አየር በመጠኑ፤
3ኛ/ በትክክለኛው ጊዜ የሚመጣ እሳት፤
4ኛ/ አየሩንና ነዳጁን አምቆ የሚይዝ ሲሊንደር፣ ማለት ኮምፕሬሽን።

ከአራቱ አንዱ ሲጐድል ሞተሩ አይነሣም፤ ወይም ተነሥቶ ይታመማል። ስለዚህ «ምን ልለውጥ?» ከማለት በፊት «ከአራቱ የጐደለው የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

መጀመሪያ፦ የታመመው ሞተሩ ነው ወይስ ፓምፑ?

ብዙ ጊዜ ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ውሃው ስላልወጣ ብቻ ይፈታል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። የሞተሩ ድምፅ እኩልና ጠንካራ ከሆነ፣ ውሃው ግን ካልወጣ ወይም ከቀነሰ ሞተሩን አትንኩ። ይልቁንም የሚከተሉትን ተመልከቱ።

ፓምፑ ከመነሣቱ በፊት ውሃ ሞልቶበት ነበርን? የመሳቢያው ቱቦ መጋጠሚያ አየር ያስገባልን? በቱቦው ጫፍ ያለው ወንፊት በጭቃ፣ በቅጠል ወይም በፌስታል ተሸፍኗልን? ፓምፑ ከወንዙ በጣም ከፍ ብሎ ተቀምጧልን?

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለእኛ አገር ልዩ ትርጕም አለው። ፓምፕ ውሃን የሚስበው በአየር ግፊት እርዳታ ነው። በባሕር ወለል ላይ የአየር ግፊት ውሃን ቢበዛ እስከ 10 ሜትር ያህል ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ጎፋ ግን ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ቦታ ስለ ሆነ ይኸው ልክ 8 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ በቱቦው ውስጥ የሚጠፋው ኀይል ሲቀነስ ደግሞ ከዚያ በጣም ያንሳል። ስለዚህ ፓምፑ ከውሃው በላይ ከ5 ሜትር በማይበልጥ ከፍታ ላይ ቢቀመጥ ይሻላል። በበጋ ወንዙ ሲጐድል ፓምፑን ወደ ታች ማውረድ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የሞተሩም ጕልበት ከከፍታው ጋር ይቀንሳል። ቦታው በ300 ሜትር ከፍ ባለ ቍጥር ከጕልበቱ ከመቶ ሦስት ተኩል ያህል ይጐድላል። እንግዲህ በጎፋ ያለ ሞተር በመጽሐፉ ከተጻፈው ጕልበት አንድ አራተኛውን ያህል ሳያጓድል አይቀርም። ይህ ጠባይ እንጂ ሕመም ስላልሆነ ጥገና አይፈለግበትም። ሆኖም ካንዴላው ዘወትር በጥላሸት የሚጠቍር ከሆነ፣ ካርቡራተሩ ለዝቅተኛ አገር የተበጀ ሆኖ ለእኛ ቀጭን አየር ነዳጅ እያበዛ ሊሆን ስለሚችል፣ ለከፍተኛ ቦታ የሚስማማ የነዳጅ መርጫ እንዲገባለት አዋቂ ጠይቁ።

የምርመራው ቅደም ተከተል

ሕመሙ በሞተሩ መሆኑ ሲረጋገጥ በሚከተለው ተራ ሂዱ። ተራው ከቀላሉና ገንዘብ ከማያስወጣው ይጀምራል።

1ኛ/ የተሠራውን ሥራ ወደ ኋላ ቍጠሩ። በወረቀት ላይ፣ መጻፍ ካልተቻለ በጣት እየቈጠራችሁ፣ ከመጨረሻው የተነካ ዕቃ ጀምራችሁ ወደ መጀመሪያው ተመለሱ። እያንዳንዱን በዓይንና በእጅ መርምሩ። ያልታሰረ ዳዶ፣ ያልተሰካ ሽቦ፣ ወይም ተርፎ በሣህን ላይ የቀረ ቀለበት አለን? ካርቡራተሩ ላይ ያለው ጓርኒሲዮን ቀዳዳው ከቀዳዳ ጋር ገጥሟልን ወይስ ተገልብጦ ገብቷል? የነፋስ መምሪያው ቆርቆሮ ተመልሶ ታስሯልን? ይህን ቆርቆሮ «አያስፈልግም» ብለው የሚተዉት አሉ፤ ሲሊንደሩን የሚያቀዘቅዘውን ነፋስ የሚመራው እርሱ ስለ ሆነ ያለ እርሱ ሞተሩ ይቃጠላል።

2ኛ/ ዘይቱንና አቀማመጡን ተመልከቱ። ብዙዎቹ አነስተኛ ሞተሮች ዘይት ሲያንስ እሳቱን የሚያጠፋ መሣሪያ አላቸው። በወንዝ ዳር ተዳፋት ላይ አጋድሎ የተቀመጠ ሞተር ዘይቱ ሙሉ ሆኖ ሳለ መሣሪያው «ዘይት የለም» ብሎ ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ ሞተሩን በተደላደለ መሬት አስቀምጣችሁ ዘይቱን ለኩ። ዘይት ሲበዛም ሰማያዊ ጢስ ያመጣል።

3ኛ/ ነዳጁን መርምሩ። የነዳጁን መክፈቻ ዘግታችሁ በካርቡራተሩ ሆድ ሥር ያለውን ብሎን በማላላት የሚወርደውን በብርጭቆ ተቀበሉ። ውሃ ካለበት ከሥር ይረጋል፤ አሸዋና ዝገትም ይታያል። ለብዙ ወራት የቆየ ቤንዚን ሽታው ይለወጣል፤ እንዲህ ያለውን አፍስሳችሁ በአዲስ ተኩት። በሀይላንድ ጠርሙስ ወይም ዘይት በነበረበት ጀሪካን የሚቀመጥ ቤንዚን በቀላሉ ይቈሽሻል።

4ኛ/ አየሩን መርምሩ። የአየሩን ፊልትሮ አውጥታችሁ ተመልከቱ። በአቧራ የተደፈነ ወይም በዘይት የራሰ ፊልትሮ ሞተሩን ያፍነዋል። ያለ ፊልትሮ ማሠራት ግን አይገባም፤ የመደብ አቧራ ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ይበላዋል።

5ኛ/ እሳቱን መርምሩ። የነዳጁን መክፈቻ ዝጉ፤ የፈሰሰ ቤንዚን ካለ ጥረጉ። ካንዴላውን አውጥታችሁ ከገመዱ ጋር መልሳችሁ አያይዙ፤ የካንዴላውን ቀዳዳ በጨርቅ ሸፍኑ። ከዚያ ከቀዳዳው ራቅ አድርጋችሁ፣ የጎማ እጀታ ባለው ፒንሳ ይዛችሁ፣ የካንዴላውን ብረት ከሞተሩ ብረት ጋር አስነኩና ገመዱን ሳቡ። በጥላ ውስጥ ብርቱ ሰማያዊ እሳት መታየት አለበት።

6ኛ/ ኮምፕሬሽኑን መርምሩ። ካንዴላው ታስሮ ገመዱን ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ሲሳብ አንድ ቦታ ላይ ሊከብድ ይገባል። ምንም ሳይከብድ የሚመጣ ከሆነ፣ በተለይም ቴስታታው ተፈትቶ ከነበረ፣ ጓርኒሲዮኑ ወይም የቫልቩ ክፍተት ትክክል አይደለም። የቴስታታ ብሎኖች የሚጠብቁት በመስቀል አምሳያ ተራ በተራ፣ በሁለት ወይም በሦስት ዙር ነው። አንዱን ጨርሶ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ ቴስታታውን ያጣምማል።

ለምሳሌ ያህል፣ በብዛት በሚታወቀው 163 ሲ.ሲ. በሆነው ሆንዳ ጂ ኤክስ 160 ሞተር የካንዴላው ክፍተት ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። የቫልቩ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲለካ በማስገቢያው 0.15፣ በማስወጫው 0.20 ሚሊ ሜትር ነው። ሌላ ዓይነት ሞተር ያለው ሰው የራሱን ሞተር መጽሐፍ ይመልከት፤ የአንዱ ልክ ለሌላው አይሆንም።

ምልክቱና ምክንያቱ

ሞተሩ በቾክ ብቻ ቢሠራ፦ ነዳጅ አንሶታል ወይም ያልተፈለገ አየር ገብቶበታል። የካርቡራተሩ ቀጭን ቀዳዳ ተደፍኖ እንደ ሆነ፣ በመጋጠሚያውም አየር የሚገባ እንደ ሆነ ተመልከቱ። ቀዳዳውን በመርፌ ወይም በሽቦ መጐርጐር ያሰፋዋል፤ በነፋስና በንጹሕ ቤንዚን ብቻ አጽዱት።

ጥቁር ጢስ ቢያወጣ፣ ካንዴላው ጥላሸት ቢለብስ፦ ነዳጅ በዝቶበታል። ቾኩ በትክክል አለመከፈቱን፣ የፊልትሮውን መደፈን፣ በካርቡራተሩ ሆድ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ሲገጠም ተይዞ መቅረቱን መርምሩ።

አሥር ደቂቃ ያህል ሠርቶ ቢጠፋና ጥቂት አርፎ ቢነሣ፦ የነዳጅ ታንከሩን ክዳን አላሉት። ከዚያ በኋላ ሳያቋርጥ ከሠራ በክዳኑ ላይ ያለው የመተንፈሻ ቀዳዳ ተደፍኗል። ይህ ያለ አንዳች ወጪ የሚድን ሕመም ነው።

ድምፁ ከፍ ዝቅ እያለ ቢወዛወዝ፦ የፍጥነት መቈጣጠሪያው ሞላ በማይገባው ቀዳዳ ታስሮ ይሆናል፤ ወይም ነዳጅ አንሶታል።

ሲነሣ ገመዱን መልሶ ከእጅ ቢነጥቅ ወይም በማርሚታው ቢተኵስ፦ እሳቱ ያለ ጊዜው እየመጣ ነው። ቮላኖው፣ ማለት ከባዱ ተሽከርካሪ፣ ተፈትቶ ከነበረ በዘንጉ ላይ የሚይዘው ትንሽ ቁልፍ ተቈርጦ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ሥራ ለባለሙያ ስጡ።

ሰማያዊ ጢስ ቢያወጣ፦ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ዘይቱ አልበዛምን? ሞተሩ ሲጠገን በጐኑ አልተኛምን? ሁለቱም ካልሆኑና ፒስተኑ ተፈትቶ ከነበረ፣ ፋሻዎቹ ተገልብጠው ወይም ክፍተታቸው ተገጣጥሞ ገብተው እንደ ሆነ ይታይ።

የጥገና ሥርዓት

ሀ/ ከመፍታታችሁ በፊት አስተውሉ። ዛሬ በየእጁ ስልክ ስላለ በየደረጃው ፎቶግራፍ አንሡ። ስልክ ባይኖር የተፈቱትን ዕቃዎች በንጹሕ ጨርቅ ላይ በተፈቱበት ተራ ደርድሩ።

ለ/ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ከዚያ አሠርታችሁ ሞክሩ። ካልረዳ አሮጌውን መልሱና ወደሚቀጥለው እለፉ። አሮጌውን ዕቃ ሞተሩ እስኪድን ድረስ አትጣሉ።

ሐ/ ምክንያቱ ሳይታወቅ ወደ መርካቶ አትሩጡ። ዕቃ ለመግዛት ስትሄዱም አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ የሚመሳሰሉ ሆነው የማይገጥሙ ብዙ ናቸውና።

መ/ ችግኝ ከመትከላችሁ በፊት ሞተሩን ፈትኑ። ከክረምት በኋላ ቆሞ የከረመ ሞተር ሊመረመር የሚገባው መደቡ ባዶ ሳለ ነው። ሞተሩ ሳይድን ችግኝ ተተክሎ ቢገኝ በባልዲም ቢሆን አጠጡ፤ ወይም የጎረቤት ሞተር ለአንድ ማለዳ ለምኑ። ሞተር ነገም ይጠገናል፤ የደረቀ ችግኝ ግን አይመለስም።

ሠ/ ሞተሩን በጊዜው ተንከባከቡ። ከላይ በጠቀስነው ሞተር የመጀመሪያው ዘይት በ20 ሰዓት ሥራ፣ ከዚያም በየ100 ሰዓቱ ወይም በየስድስት ወሩ ይለወጣል፤ ፊልትሮው በየ50 ሰዓቱ ይጸዳል፤ አቧራ በበዛበት ቦታ ግን ቶሎ ቶሎ። ሞተሩ ለወራት የሚቆም ከሆነ ቤንዚኑን ከታንከሩና ከካርቡራተሩ አፍስሱ።

ማስጠንቀቂያ

ሞተር በምትነኩበት ጊዜ ሁሉ አስቀድማችሁ የካንዴላውን ገመድ ንቀሉ። ትኩስ ሞተር ላይ ቤንዚን አትጨምሩ፤ በአጠገቡም ሲጋራ አታጭሱ። ሞተርን በተዘጋ ቤት ወይም መጋዘን ውስጥ አታሠሩ፤ ጢሱ ሽታው ሳይታወቅ ሰው የሚገድል መርዝ አለበት። የተለወጠውን ዘይት ወደ ወንዙ አታፍስሱ፤ ከእናንተ በታች ያለው ገበሬ ያንኑ ውሃ ለአትክልቱ ይስበዋልና።

ለልማት ሠራተኞች

ይህን ትምህርት በቃል ብቻ ከመስጠት በወንዝ ዳር አንድ ሞተር ይዞ ማሳየት ይበልጣል። ጤነኛ ሞተር አስነሡና ቾኩን ዘግታችሁ፣ የነዳጁን መክፈቻ ጥቂት ዘግታችሁ ድምፁ እንዴት እንደሚለወጥ ገበሬዎቹ በጆሯቸው ይስሙ። ድምፁን አንድ ጊዜ የለየ ጆሮ አይረሳውም። በመጨረሻም የሚከተሉትን ጥያቄዎች ጠይቁ።

1/ ከጥገና በኋላ የታመመ ሞተር ምርመራው ከየት ይጀመራል?
2/ ሞተሩ በደንብ እየሠራ ውሃ ባይወጣ ምን ምን ይታያል?
3/ ሞተሩ በቾክ ብቻ ቢሠራ ምክንያቱ ምን ሊሆን ይችላል?
4/ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር መለወጥ ጕዳቱ ምንድን ነው?
5/ በተዳፋት ላይ የተቀመጠ ሞተር ለምን ሊጠፋ ይችላል?

በጎፋው መደብ ዳግመኛ የተተከለው ጥቅል ጎመን ከመጀመሪያው ዘግይቶ ደረሰ። ገበሬው ዛሬ ከሞተሩ ሣጥን ክዳን ሥር ትንሽ ደብተር ያስቀምጣል፤ የነካውን ሁሉ ከነቀኑ ይጽፍበታል። እናንተም እንዲሁ አድርጉ።